የመንግሥት ጣሳና የሩፋኤል ዝናብ

እኛ ሰዎች ከቁጥር ጋር ያለን ዝምድና ግራ የሚያጋባ ነው። የገጠሩን ዘመዴን «ስንት ልጆች አሉህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ክፉ አይንካቸው፣ አሉ» ይላችኋል እንጂ ቁጥር ከአፉ አይወጣም። «ከብትስ?» ብትሉት «እግዜር ይመስገን» ብሎ ሽቅብ ወደ ሰማይ ያያል። ቆጥሮ መናገር ዓይን መጥራት ነው፤ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደደረሰበትም ከቅዳሴ በኋላ ተሰብኮ ያልሰማ የለም። የከተማው ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቁጥር ካልሰማ አያምንም፤ ቁጥር ከሰማ ደግሞ ማን እንደቆጠረው አይጠይቅም። በተለይ ነጥብ ካለበት አለቀ። «ግማሽ ያህሉ» ብትሉት ሲከራከራችሁ ይውላል፤ ከነጥቧ በኋላ አንዲት አሃዝ ጣል ካደረጋችሁበት ግን እጅ ነሥቶ ይቀበላችኋል።

እኔ በነዚህ በሁለቱ መሀል እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ጎንደር ከተማ፣ ስሙን ባልጠራው በማይከፋው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከየገጠሩ የሚመጣውን የዝናብ መዝገብ እየመረመርሁ «ይኸ ይታመናል፣ ይኸ አይታመንም» ብዬ እፈርማለሁ። ዝናብ ደግሞ ምን መዝገብ ያሻዋል፣ ሲዘንብ እናየው የለም ወይ ትሉ ይሆናል። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚሁ ነበር የምለው። ነገር ግን ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ የወንዙን ጉልበት የሚገምተው ከዚያ መዝገብ ነው። የግብርና ባለሙያው ገበሬውን «ዘንድሮ ቀደም ብለህ ዝራ» የሚለው ያንኑ አይቶ ነው። ዝናቡ ቀርቷል፣ ሕዝቡ ተርቧል ተብሎ እህል የሚላከው ወይም የማይላከውም በዚያው ነው። ያቺ ቁጥር ከተሳሳተች ድልድዩ ይሄዳል፣ ዘሩ ይበሰብሳል፣ እህሉም ለጠገበው ይደርሳል። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ዓይኑን ይሰብራል። ቁጥር ግን ሲዋሽም ሲናገርም ፊቱ ያው ነው።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ማራኪ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አንዲት ተመራማሪ ወደ ቢሮዬ መጣች። ትዕግሥት ትባላለች፤ የጎንደር ልጅ ናት። የሦስተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው «በደጋው አገር ክረምቱ የሚወጣበት ጊዜ እየተቀየረ ነው ወይ?» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና «ጋሼ፣ ይኸ ጣቢያ ይዋሻል» አለችኝ።

የምትለው ሰሜን ጎንደር፣ ከድብ ባሕር አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አንድ መንደር ውስጥ ያለውን የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ መዝገብ አለው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሌላ ጣቢያ የለም። አሳየችኝ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ስምንት ቀን ላይ ዜሮ። ሴፕቴምበር ሰባት ዘንቧል፣ ዘጠኝም ዘንቧል፤ ጎረቤት ጣቢያዎች ሁሉ በስምንተኛውም ቀን ዘንቦባቸዋል። ይኸኛው ግን መዝገቡ ከተጀመረ ጀምሮ በዚያች ዕለት ደርቆ ያድራል።

«ተፈጥሮ እንዲህ አይደጋግምም» አለችኝ። «የሚደጋግም ሰው ነው።»

ነገሩ እንደዚህ ሆኖ የተገኘ ጣቢያ ዕጣው የታወቀ ነው። አንድ ቀን የፈጠረ ሰው ሌላውን ቀን አልፈጠረም ተብሎ ስለማይታመን ሠላሳ ዓመቱ በሙሉ ከመዝገብ ይወጣል። መለኪያው ተነቅሎ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ለካሁ ሲል የኖረው ሰውም «በሐሰት ሞልቷል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። አለቃዬ ደብዳቤውን አስተይቦ ጨረሰ። የጎደለው የኔ ፊርማ ብቻ ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ቤቱ ተኝቶ የወሩን ዝናብ በአንድ ማታ የሚሞላ ሰው በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኝ ያውቃልና። ያስቆመኝ ትዕግሥት ናት። «ቢያንስ ሄደው ሰውየውን ይዩት» አለች። ያ ጣቢያ ከተሰረዘ የጥናቷ ወገብ እንደሚቆረጥ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፤ ግን በውሸት ከመደገፍ መቆረጡን መርጣለች። ይህቺን ልጅ ያን ቀን ወደድኋት።

ሄድሁ። ለኪው አያ ፈንታሁን ሰባ ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዜማ ጀምረው ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱ ሞፈር ጨበጡ። መለኪያው በግቢያቸው ጥግ፣ በእሾህ አጥር ተከልሎ ቆሟል። መንደርተኛው «የመንግሥት ጣሳ» ይለዋል። ማምሻውን ነበር የደረስሁት። «ለጉብኝት ነው የመጣሁት» አልኋቸው። የዋሸሁት እንግዲህ እኔ ነኝ። የገብስ ጠላ ቀረበልኝ፣ መኝታ ተነጠፈልኝ።

በማግሥቱ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን እጃቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ጣሳው ሄዱ። ልብ በሉ፣ ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነው ያደረው፤ ደመና የሚባል ነገር ከታየ ሳምንት አልፎታል። አያ ፈንታሁን ክዳኑን አነሡ፣ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ አወጡ፣ ገለበጧት፣ ወደ ብርሃን አንሥተው ትክ ብለው አዩዋት፣ መልሰው አስቀመጧት። ከዚያ ቅጹን ዘርግተው በቁም ጽሕፈት ጻፉ። «አልዘነበም።»

«አያ ፈንታሁን» አልኋቸው፣ «እንዳልዘነበ እያወቁ ምን ያደክምዎታል?»

«አየሁ ብዬ ነዋ የምፈርመው» አሉኝ። «ሳላይ አየሁ ልበል?»

ልንገራችሁ፣ ፈራኋቸው። ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በበጋ ወር፣ ማንም በማያይበት ጓሮ፣ ባዶ ጠርሙስ ባዶ መሆኑን ለማረጋገጥ በየቀኑ ይነሣል። እኔ በዚያ ፊርማ ላይ ተደላድዬ ስንት ዓመት ስፈርም ኖሬአለሁ፤ ከሥሩ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። የምንሻገረው ድልድይ ሁሉ የቆመው በዚህች ጠርሙስ ላይ ነው።

ቅጹን ሳይ ሌላ ነገር ገረመኝ። የዘነበውን የሚጽፉት በግዕዝ ቁጥር ነው፤ የተማሩት እሱን ነው። ግዕዝ ቁጥር ደግሞ እንደምታውቁት ዜሮ የለውም። አባቶቻችን ለሌለ ነገር ምልክት አላበጁም። ስለዚህ ያልዘነበ ቀን በቃል «አልዘነበም» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ሳይ አንድ የድሮ ነገር ውል አለኝ፤ ግን ለጊዜው አለፍሁት።

በመጨረሻ ጥያቄዬን አወጣሁ። «መዝገቡ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ስምንት ቀን ዝናብ የለም ይላል» አልኋቸው።

«እሱ ደሞ የማን ቀን ነው?» አሉኝ።

ወደኛ ልመልሰው ብዬ በጣቴ ቆጠርሁ። እንቁጣጣሽ አሥራ አንድ፤ ጳጉሜን አምስት አሥር፤ አራት ዘጠኝ፤ ሦስት ስምንት። ጣቴ እዚያው ላይ ቀረ።

«ሩፋኤል ነው እንጂ» አሉ አያ ፈንታሁን እየሳቁ። «ምነው አንተ፣ ማታ የቄስ ልጅ ነኝ ስትለኝ አልነበር?»

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏችኋል ይኸ ነው። እኔ አባቴ ደብር ሲያገለግሉ ያደግሁ ነኝ። ትዕግሥትም ብትሆን በልጅነቷ ቀሐ ወንዝ ዳር በሩፋኤል ዝናብ እየዘለለች ነው ያደገችው። ጳጉሜን ሦስት ሰማይ የሚከፈትበት ቀን መሆኑን፣ የዚያን ዕለት ዝናብ ጠበል መሆኑን፣ ሰው ዕቃ ደጅ አውጥቶ እንደሚቀበለው ሁለታችንም ከየእናታችን ጡት ጋር የጠባነው ነው። ቀኑ የፈረንጅ ኮት ለብሶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሁለታችንም አላወቅነውም።

አያ ፈንታሁን አጫወቱኝ። «ጣሳው በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ እየጣለ ሳለ ጎረቤቴ መጣች። ልጇን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሩፋኤል ደግሞ ፈታሔ ማሕፀን ነው። ‹አያ፣ ጠበሉን ከመንግሥት ጣሳ ስጠኝ› አለችኝ። ‹ምነው፣ ቤትሽ እንስራ የለም?› ብላት፣ ‹የኛ ጣራ ጭስ አለበት፤ የኛን እንስራ ያልነካው ሰው የለም። ይኸን ግን ዓመት ሙሉ ካንተ እጅ በቀር የነካው የለ› አለችኝ። ሸጋ ነገር ተናገረች። ምን ልመልስላት?»

«ለክተው አይሰጧትም ነበር?»

«ዝናቡ ገና እየወረደ፣ ግማሹን ለክቼ ምኑን ልጽፍ? ደሞስ ልጅቱ ልትሞት ነው» አሉኝ። «ለሷ ውኃውን ሰጠኋት። ለመንግሥት እውነቱን ጻፍሁለት።»

ልጅቱ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ወዲያ ሩፋኤል በመጣ ቁጥር መንደሩ በሙሉ ጣሳውን ይከብባል። እኔም ባለሙያ ነኝና መፍትሔ አቀረብሁ። «ሁለተኛ መለኪያ ብናመጣስ? አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለመንግሥት።»

«ሁለተኛውንም ይወስዱታል» አሉኝ። «እንዲያውም እንዳይነካ የተከለከለው ይበልጣል ነው የሚሉት።»

ግን «እውነቱን ጻፍሁለት» ያሉት ነገር ከሆዴ አልወጣም። መዝገቡ የሚለው ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው። «ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አልኋቸው።

ከግድግዳው ላይ አንድ የቆዳ ማኅደር አወረዱ፤ ዳዊት የሚያዝበት ዓይነት ነው። ውስጡ ዳዊት የለም። ወደ እኛ የላኩት ቅጽ ቅጂ በሙሉ፣ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ፣ በወር በወሩ ተሰፍቶ ተቀምጧል። መንገድ ተዘግቶ ፖስታ ያልሄደበት ጊዜ ቅጽ እንኳ አልጎደለም፤ ቅጹ ሲያልቅባቸው በደብተር ወረቀት ላይ መስመሩን በእጃቸው አስምረው ቀጥለዋል። ጳጉሜን ሦስትን ፈልጌ ገለጥሁ። «ዘንቧል። ሰው ለጠበል ወሰደው። አልለካሁም። ፈንታሁን።» የሚቀጥለውን ዓመት ገለጥሁ። «ዘንቧል። ሰው ለጠበል ወሰደው። አልለካሁም።» በየዓመቱ እንዲያው ነው። መሀል ላይ አንድ ሌላ ቅጽ እጄ ገባ፤ የነሐሴ ነው። «ዛሬ የለካሁ በአምስት ሰዓት ነው። ባለቤቴን ቀብሬ መጥቼ ነው» ይላል፤ ከጎኑ የዝናቡ ልክ ተጽፏል። ወረቀቱን ይዤ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ነው የያዘኝ።

አሁን ወደ ጥፋተኛው እንምጣ። ኮምፒውተር ገና ወደ መሥሪያ ቤታችን የገባ ጊዜ የድሮውን ወረቀት ሁሉ ወደ ማሽኑ የሚያስገባ ጎረምሳ ያስፈልግ ነበር። ከጎረምሶቹ መካከል የግዕዝ ቁጥር የሚያነብ አንድ ብቻ ተገኘ፤ የቄስ ልጅ ነው። የግዕዝ ቁጥር ያለበት ቅጽ ሁሉ ለሱ ተሰጠ። የጣቢያው ስም አይታይም፣ መለያ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቀኑንም ማሽኑ ራሱ ወደ ፈረንጅ ይቀይረዋል። ማሽኑ ደግሞ ከቁጥር በቀር የሚቀበለው ነገር የለም፤ ፊደል ስትነኩበት ይጮኻል፣ ባዶ ስትተዉትም ይጮኻል። ጎረምሳው ሥራውን ቶሎ ጨርሶ መመስገን ይፈልጋል። «አልዘነበም» የሚለውን ዜሮ አለው፤ ልክ ነው። ከዚያ በቃል የተጻፈ ሌላ ነገር ሲመጣም ቆም ብሎ አላነበበም፤ ዜሮ አለው። አልፎ ተርፎም በካርቶን ላይ «በቃል የተጻፈ ሁሉ ዜሮ ነው» ብሎ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ጎረምሳው አድጎ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ ካርቶኑ ግን ቀረ፤ ከሱ በኋላ የመጡትም እንደ ሕገ መንግሥት ጠበቁት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፍስሼ አልለቀምሁም። ያ ጎረምሳ እኔ ነኝ።

ለአያ ፈንታሁን ነገርኋቸው። ስለ ደብዳቤውም ነገርኋቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር ማቆየት ነውር መሰለኝ። እሳቸውም በዝግታ «እንግዲህ ይኸን ሁሉ ዘመን መንግሥት እኔን እንደ ውሸታም ሲያየኝ ኖሯል?» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እርስዎ አልዋሹም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

ማኅደሩን እንደገና ፈተሹና አንድ ቅጽ አወጡ። «ስለካ ከእጄ ወድቆ ፈሰሰ። ጥፋቱ የኔ ነው። ፈንታሁን» ይላል። «የዚህ ቤት ደንብ ይኸ ነው» አሉኝ። «ያፈሰሰ ይጽፋል።» ከዚያም ባዶ ወረቀትና ብዕር አቀበሉኝ። ጻፍሁ። «ሩፋኤልን ዜሮ ያልሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ስሜንም አኖርሁበት። በሥራ ዘመኔ ከፈረምሁት ፊርማ ሁሉ እጄን ያከበደው እሱ ነው። አንብበው፣ አጣጥፈው፣ ከባለቤታቸው ቀብር ቅጽ አጠገብ ሰፉት።

ጎንደር ስመለስ ሪፖርቴን በዚያው መንፈስ አዘጋጅቼ ለአለቃዬ ሰጠሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «የስሕተቱ ምክንያት በሚለው ላይ የሰው ስም አይጻፍም» አለኝ። «‹የቴክኒክ ችግር› ይበሉትና ያምጡት።» አያችሁ፣ በኛ አገር ጥፋት ሁልጊዜ አባት የለውም፤ ወይ ቴክኒክ ይወልደዋል ወይ ሲስተም። «አልችልም፤ ሌላ ቦታ በስሜ ፈርሜአለሁ» አልሁት። «ሁለቱ ወረቀቶቼ ካልተስማሙ እኔም ከመዝገብ መውጣቴ ነው።»

«ገብቶዎታል?» አለኝ። «ይኸ ከሄደ የአንድ ጣቢያ ነገር አይደለም። ካርቶኑ ለሁሉም ነበር የሚሠራው። የሁሉንም ጣቢያ ሣጥን ከፍተን እንደገና ልናይ ነው። ጡረታዎ ደርሶ ሳለ?»

«እሱ ነው ያስቸኮለኝ» አልሁት። ወረቀቱን ገለባበጠና ፈረመ።

ሣጥኖቹን ከፈትን። እኔና ትዕግሥት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አቧራ እየጠረግን። በቃል የተጻፈውን ሁሉ ያኔ ሳላነብ ያለፍሁትን አሁን ማንበብ ጀመርሁ። «ጎርፍ አጥሩን ወስዶት ነበር፤ አልለካሁም።» «ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ጎረቤቴ ለካሁ ብሏል፣ እኔ ግን ስላላየሁ አልጻፍሁም።» «ጠርሙሱ ውስጥ ወፍ ሞታ አገኘኋት፤ ልኩን አላምነውም።» ስማቸውን ማንም ከማያውቀው፣ የሚያያቸውም ከሌለ ሰዎች፣ ከሰሜን ጎንደር ጋራና ሸንተረር ሁሉ የተላከ እውነት ነው። ትዕግሥት አንዱን ቅጽ ይዛ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ሁሉንም ነግረውናል» አለችኝ። ነግረውናል። መንግሥት መረጃ የለውም እያልን ስናማ የኖርነው መረጃው ሣጥናችን ውስጥ ሆኖ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፤ እውነትም ቢሆን ግን የሚያነበው ሰው ካልተገኘ የሣጥን ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

ጣቢያው አልተዘጋም። ትዕግሥትም ጥናቷን ቀጥላለች፤ በየዓመቱ ያለችውን ያችን አንዲት ቀን ባዶ አድርጋ ትታዋለች፤ ለምን ባዶ እንደሆነች ከግርጌ ስትጽፍ አንድ ሙሉ ቀን እንደፈጀባት ነግራኛለች።

ዘንድሮ መስከረም ሲጋመስ የነሐሴና የጳጉሜን ቅጾች በፖስታ ደረሱ። የአያ ፈንታሁንን ለይቼ አወጣሁ። ጳጉሜን ሦስት ላይ ያው የቁም ጽሕፈት አለ። «ዘንቧል። ሰው ለጠበል ወሰደው። አልለካሁም። ፈንታሁን።» ከሥሩ አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የላኩትን ማን እንደሚያነበው ሳያውቁ የኖሩ ሰው አሁን አንድ አንባቢ ማግኘታቸውን ዐውቀዋል። «ለጎንደሩ ጸሐፊ፦ ይችን ቀን ዜሮ እንዳትላት» ይላል።

አላልኋትም።